የጠባሳው አጥር

ያለምወርቅ በባሏ ላይ ቂም ቋጥራ ዓመታት ኖራለች። መታኝ፣ ወይም ሌላ ሴት ለመደብኝ የሚል ቂም አልነበረም። ሶርሳ እጁን አንስቶባት አያውቅም፤ ከእሷ ሌላም አላየም። ቂሟ ይህ ነው፦ ባሏ ከሞት አፋፍ ሲመለስ ለሰው ሁሉ የሚሆን አፍ ይዞ ተመለሰ፤ ለእሷ የሚሆን ግን አልያዘም።

ነገሩ የሆነው በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። ሶርሳ የከብት ደላላ ነበር፤ ያውም ስመ ጥር። ዲመካ ገበያ ላይ ከሐመሩ ጋር በሐመርኛ፣ ከአሪው ጋር አፍ በፈታበት በአሪኛ፣ ከጂንካ ከሚወርደው ነጋዴ ጋር በአማርኛ እየተቀባበለ ሦስቱን ቋንቋ እንደ ሦስት በሬ በአንድ ጅራፍ ይነዳቸው ነበር። ነጋዴው ዋጋ ሲጠራ ሶርሳ የሆድ ቁርጠት እንደያዘው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አዙሮ «ጨምር!» ይላል። ነጋዴው ይጨምራል። ሶርሳ ዓይኑን ሳይገልጥ «ጨምር!» ይላል። ገበያተኛው ከብቱን ትቶ እሱን ይከባል። ኋላማ ስሙን ትተው «ጨምር መጣ፣ ጨምር ሄደ» ይሉት ጀመር።

በዚያ ዓመት አንድ የገበያ ቀን አንድ ሠንጋ ወደ ጭነት መኪና ሲያወጡ ሳንቃው ከመሐሉ ተሰበረ። በሬውም ሶርሳም አብረው ወደቁ። በሬው አቧራውን አራግፎ ተነሣ። ሶርሳን ግን ከግራ ጆሮው በላይ የመኪናው ብረት አግኝቶት ነበርና አልተነሣም።

ጂንካ ጤና ጣቢያ አመጡት። ድሬሰሩ ቁስሉን ሰፋና የቀረውን ለእግዜር ተወው። ያለምወርቅ ራስጌው ተቀምጣ ማርያምን ስትማጸን፣ እህቱ ቦሼ ደግሞ ግርጌው ተንበርክካ በወንጌል አማኞች ወግ ጮክ ብላ ስትጸልይ ሰነበቱ። አንድ ጠዋት ዓይኑን ገለጠ። ቦሼን አየና በአሪኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ቦሼም እየሳቀች እያለቀሰች መለሰችለት።

ያለምወርቅ ፊቷን ወደ ፊቱ አስጠጋች። «ሶርሳ፣ እኔ ነኝ። ያለም።»

አያት። ያወቃትስ አውቋታል፤ ዓይኑ ይናገራል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ፤ ቃሉ ጉሮሮው ላይ እንደ አጥንት የተሰካበት መሰለ። ሲወጣ ግን፣

«ጨምር» ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ከአማርኛ የቀረችው ያቺው አንዲት ቃል ናት። ውኃ ሲጠማው «ጨምር»። ሲናደድ «ጨምር»። ያለምወርቅ ተናድዳ የሰፈሩን ስድብ ሁሉ አንድ በአንድ ስታወርድበት አንገቱን ነቅንቆ «ጨምር» ሲላት፣ ጎረቤት በአጥር ቀዳዳ «ኧረ አነሰው እኮ፤ አትሰስቺበት!» እያለ ይስቃል። እሷም አንዳንዴ ትስቃለች። ማታ ግን አትስቅም።

በአሪኛ ግን ይናገራል። እንደ ድሮው ባይሆንም፣ እየተንተባተበም ቢሆን፣ አጠር አጠር አድርጎ ይናገራል። በመጀመሪያው ሰሞን መንገድ የሚያልፈው ሁሉ፣ እንጨት ተሸክማ የምትወርደው ሴት ሳትቀር፣ ደጁ ላይ ቆሞ ሁለት ሦስት ቃል ተቀባብሎት ይሄድ ነበር። ያለምወርቅ ብቻ ናት በገዛ ቤቷ እንግዳ የሆነችው።

ወንድሟ ዘውዴ ይህን ባየ ቁጥር የሚላት አንድ ነገር አለችው።

«አንቺ ሴት፣ ምኑ ነው የማይገባሽ? ሰውየው ደኅና ነው።»

«ደኅና ነው ትላለህ? ጭንቅላቱ ላይ ያለውን ጉድጓድ አታይም?»

«ጉድጓዱንማ አያለሁ። አፉ ለሁሉ ተከፍቶ ላንቺ ብቻ ሲዘጋም አያለሁ። አብዮቱ መጣ፣ መሬታችን ለእነሱ ሆነ፤ አሁን ደግሞ የቀረው ቋንቋችንን መትፋት ነው። ተፋው። አለቀ።»

«አፍህን ዝጋ!» ትለዋለች። አፉን ይዘጋል፤ ነገሩ ግን ገብቶ ይቀመጣል። የሚቀመጥበትም ምክንያት ነበረው። የእነ ያለምወርቅ አባት ከሰሜን የመጡ ባለ መሬት ነበሩ፤ የሶርሳ አባት ደግሞ የእሳቸው ገባር። «የገባር ልጅ አገባለሁ» ስትል ቤቱ ታመሰ። ያለምወርቅ ግን አንዴ ካለች አለች ነው፤ አገባችው። ለአባቷ ክብር ብላ ይሁን ለራሷ፣ አንዲት ሕግ ብቻ አወጣች፤ «እኔ ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በአማርኛ ነው።» ሶርሳ ሳቀና «እሺ» አለ። ሃያ ዓመት ግድም አንዲት ቃል አሪኛ ከደጃፉ ወደ ውስጥ አላስገባም። እሷም ከገበያ ቋንቋ፣ ከቅቤ ዋጋና ከ«ነዪ ሂጂ» ሌላ አልተማረችም። ስለዚህ ዘውዴ ያን ሲል ያለምወርቅ በሆዷ «ብድሩን እየመለሰ ነው» ትላለች። ጂንካ ያደገ ሰው ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሳሳት የለም፤ የሰውን ቁስል እንደ መሬት ክርክር የሚቆጥር።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እሷ ግን ሁለቱንም አልተወችም። ቂሟንም ያዘች፣ ሰውዬዋንም አስታመመች።

የምታስታምመውም በቦሼ ቃል ነበር። በሰባ ሁለት፣ ሶርሳ ከጤና ጣቢያ በወጣ ሰሞን ቦሼ እሷን ለማጽናናት ብላ አንድ ነገር ተናግራ ነበር። አሪዎች እንሰት ማባዛት ሲፈልጉ የእንሰቱን ሥር ቆርጠው ልቡን ያወጡታል። የወጣበትን ጉድጓድ በእበት ሞልተው፣ ሰው እንዳይረግጠው፣ ከብት እንዳይደርስበት አድርገው ይቀብሩታል። ልቡ የወጣ እንሰት ሞተ ሲሉት ከዳሩ ዙሪያውን ችግኝ ያበቅላል።

«አንተ ያለም፣ አታልቅስ» አለቻት ቦሼ፤ የቦሼ አማርኛ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚለው። «ሶርሳም እንደዚያ ነው። ከዳር ይበቅላል።»

ቦሼ ያለችው ለማጽናኛ ነበር። ያለምወርቅ ግን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ወሰደችው። ቅቤ ነጋዴ ናትና ከካኮ ገበያ ከምታመጣው ቅቤ ምርጡን እየለየች ራሱ ላይ ያለውን ማንኪያ የሚያህል ጉድጓድ ጠዋት ጠዋት ትሞላዋለች። በሻሽ ታስረዋለች። ጨለም ባለው ክፍል፣ ነፋስና ጫጫታ በማይደርስበት አስተኛችው። በዚህም አላበቃች። «ሁለት ዘር በአንድ ጉድጓድ አይበቅልም» ብላ አሪኛውን ከለከለች። አማርኛው እንዲበቅል ያኛው ገለል ይበል ነው ነገሩ። መንገደኛው ደጅ ላይ ቆሞ እንዳያወራው አጥሩን በእሾህ አጠበቀች። ቦሼንም «እቤቴ ከመጣሽ በአማርኛ» አለቻት። ቦሼ በተሰባበረች አማርኛዋ ወንድሟን «ደና ነህ? ደና ነህ?» ብላ ብላ ወሬ ሲያልቅባት መምጣቱን አራራቀች። ሶርሳም ዝም እያለ ሄደ።

አንድ ነገር ብቻ አልተወም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ያለምወርቅ የውጭውን በር ልትዘጋ ስትነሣ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ደጅ እያየ አንዲት ነገር በአሪኛ ይላታል። ሁልጊዜ ያቺኑ። ድምፁ መጨረሻው ላይ ከፍ ይላል፤ መልስ የሚፈልግ ሰው ድምፅ ነው።

«በአማርኛ!» ትለዋለች እሷ።

ይደግመዋል።

«በአማርኛ ነው ያልኩህ! ያለም በል። ያ፣ ለም።»

አንገቱ ይገተራል። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ይላል። «ጨ… ጨምር።»

በሩን ትዘጋለች።

እንዲህ ሆነው ሰባ ዘጠኝ ገባ። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ከአዲስ አበባ አንድ የነርቭ ሐኪም ለጥቂት ቀን ይመጣል ተባለ። አውሮፕላኑ ከተማው መሐል ባለው ሜዳ ላይ ሲያርፍ ያለምወርቅ ሶርሳን አልብሳ፣ ቅቤውን አድሳ፣ ክንዱን ይዛ ጤና ጣቢያው በር ላይ ተቀምጣለች። ወረፋ ያዢ ሲሏት «ሰባት ዓመት ይዣለሁ» አለችና ገባች።

ዶክተር ንጉሤ የሚባል፣ ገና ጢሙን በደንብ ያላበቀለ ሰው ነው። ሶርሳን ተቀመጥ፣ ተነሥ፣ እጅህን አንሣ አለው፤ በምልክት ጭምር። ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ። ቁልፍ አሳይቶ «ይህ ምንድን ነው?» አለው።

«ጨምር» አለ ሶርሳ።

ዶክተሩ ሌላ ቁልፍ ጨመረና አሳየው። ያለምወርቅ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ቅቤውን ማን ነው የሚቀባቸው?»

«እኔ ነኛ።»

«ይተዉት እናቴ። ያው ከቆዳው በታች አይወርድም።»

«እንግዲህ የሚወርደውን ንገረኝ። ምኑ ነው የተበላሸው? እስከ ዛሬ አንድ ሰው አልነገረኝም። ሁሉም ‹ጭንቅላቱ ነው› ይለኛል። ጭንቅላቱ እንደሆነማ እኔም አያለሁ።»

ዶክተሩ መዶሻውን አስቀመጠ።

«አንጎል ውስጥ መልእክት የሚያመላልሱ ነርቮች አሉ፤ እንደ ስልክ ሽቦ ያስቧቸው። ጋሽ ሶርሳ ሲወድቁ ከእነዚህ ብዙዎቹ ሞቱ። ግን ነርቭ ብቻውን አይኖርም። በዙሪያው በዓይን የማይታዩ፣ ነፍስ ያላቸው ሌሎች ቅንጣቶች አሉ። ግሊያ ይባላሉ፤ ሙጫ እንደ ማለት ነው።»

«ሙጫ?»

«የድሮ ሊቃውንት ነርቮቹን ከማጣበቅ ሌላ ሥራ የላቸውም ብለው ነው ያን ስም ያወጡላቸው። ኋላ ሲታይ ሥራ የበዛባቸው እነሱ ሆነው ተገኙ። ነርቩን የሚመግቡ አሉ። ሽቦ ላይ ላስቲክ እንደሚጠቀለል ነርቩ ላይ የሚጠቀለሉ አሉ። የሞተውን እየበሉ የሚያጸዱም አሉ።»

«ጅቦች በለኛ።»

«እንዳሉት» አለ ዶክተሩ ፈገግ ብሎ። «ጋሽ ሶርሳ የተመቱ ጊዜ ሐኪም ሳይደርስ የደረሱት እነሱ ናቸው። ጅቦቹ የሞተውን አነሡ። ሌሎቹ ደግሞ አብጠው፣ ክንዳቸውን አቆላልፈው፣ ቁስሉን ዙሪያውን አጠሩት። እርስዎ በጣትዎ የሚዳስሱት የላዩን ጠባሳ ነው። ከውስጥም ሌላ ጠባሳ አለ። እሱ የእነሱ አጥር ነው።»

«ለምን ያጥሩታል?»

«ጉዳቱ ወደ ደኅናው እንዳይሻገር። ያ አጥር ባይኖር ዛሬ ጋሽ ሶርሳ እዚህ አይቀመጡም ነበር።»

«ይስጣቸው» አለች ያለምወርቅ ከልቧ። «አሁንስ?»

«አሁንም አጥሩ አለ። ችግሩ ክፉውን ብቻ አይደለም የሚከለክለው። አዲስ ሽቦ ልዝለቅ ቢልም አያሳልፍም።»

«አጥር ይፈርሳል።»

«ይህ አይፈርስም።»

«መድኃኒት የለውም?»

«የለውም።»

«አዲስ አበባስ?»

«የለም እናቴ።»

«ሩሲያስ? ሰዉን ሁሉ እዚያ አይደል የሚልኩት?»

«የትም የለም። እነዚያው ግሊያዎች የሚያጥሩትን ያህል እንዲጠግኑ ማድረግ ይቻል እንደሆነ በውጭ አገር የሚመራመሩ አሉ። ግን ገና ጥያቄ ነው። እኔም እርስዎም መልሱ ላይ እንድረስ አንድረስ አላውቅም።»

ያለምወርቅ ወደ ወንበሩ ጫፍ ተጠጋች። የቀረችላትን አንዲት ነገር ልታወጣ ነው።

«እንደ እንሰትስ? ልቡ ወጥቶ ከዳሩ አይበቅልም?» ብላ ቦሼ የነገረቻትን፣ እበቱን፣ አቀባበሩን፣ ሁሉንም አስረዳችው። ዶክተሩ ሳያቋርጣት ሰማ።

«አዋቂ ሰው አንጎል ውስጥ የሞተ ነርቭ አይበቅልም» አላት፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኛ የተማርነው ይህንን ነው። የተረፈው ነው በተረፈበት የሚሠራው።»

በዚህ መሐል ወለል የምታጸዳ አንዲት የአሪ ሴት ባልዲዋን ይዛ ገባች። ሶርሳ አያትና አንድ ነገር ተናገረ። ሴትዮዋ ሳቀችና መለሰች። ሶርሳ ደግሞ ሌላ አለ፤ ሴትዮዋ ባልዲዋን አስቀምጣ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ዶክተሩ ዓይኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ።

«ምን አሉ?» አላት ሴትዮዋን።

«‹እኔን በመዶሻ ከሚመታ ግድግዳውን ቢመታ፣ ምስማሩ ወጥቷል› ይላል።»

«እየተናገሩ ነዋ!» አለ ዶክተሩ ወደ ያለምወርቅ ዞሮ። «ያውም ይቀልዳሉ! ለምን አልነገሩኝም?»

«የእኔን አይናገርማ።»

«አፍ የፈቱበት ተርፎላቸዋል፤ በኋላ የተማሩት ሄዷል። አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል፤ አንዳንዴም ተገላቢጦሽ። ለምን እንደሆነ በደንብ አናውቅም።»

ያለምወርቅ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች። ከዚያ ሴትዮዋ እንዳትሰማ ዝቅ ብላ ጠየቀችው።

«አውቆ አይደለም?»

«ምን አሉኝ?»

«አውቆ… ለእኔ ብሎ አይደለም? ቂም ይዞብኝ?»

ዶክተሩ ነገሩ ወዲያው አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ተለወጠ። «አይደለም እናቴ። ቢፈልጉም አይችሉም። ስምዎን ሊጠሩ ሲታገሉ አላዩም?»

አይታለች። ሰባት ዓመት ማታ ማታ አይታለች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሜዳውን አቋረጡ። አውሮፕላኑ ሊነሣ ነውና ከብቱን ከሜዳው ያባርራሉ። ሶርሳ ቆሞ አንዱን ወይፈን በደላላ ዓይን ከቀንዱ እስከ ጭራው ገመገመው። «ጨምር» አለ ለራሱ። ያለምወርቅ ክንዱን እንደያዘች ቆመች። ሆዷ ውስጥ ያ ቂም በነበረበት ቦታ ምንም አልነበረም። ከባድ ሸክም ሲወርድ የሚያርፉ ይመስላል፤ እሷ ግን የያዘችውን ክንድ ይበልጥ አጠበቀች። ቂምም ቢሆን የሚይዙት ነገር ነው። በማን ትቆጣ? በበሬው? በሳንቃው? በማይታዩት አጥር ሠሪዎች? እነሱስ ባሏን አተረፉላት። ያዳነውም የከለከለውም አንድ ነው፤ ምን ይባላል እንግዲህ?

በዚያ ሳምንት ካኮ አልወረደችም። ደንበኞቿ መጥተው ሲጠሯት «ቅቤ የለም» ብላ መለሰቻቸው። ሻሹን ፈታችለት፤ ራሱን በሙቅ ውኃ አጠበችው። ዘውዴ መጣና «እህሳ፣ ሐኪሙ ምን አለ?» አላት።

«አይበቅልም አለ።»

«አላልኩሽም?»

«አንተ ያልከው ሌላ ነው። ‹አውቆ ነው› ነበር ያልከው። እኔም አምኜህ ነበር፤ ሁለታችንም ደደቦች።»

ዘውዴ ቡናውን ሳይጠጣ ሄደ።

ሲመሽ በሩን ልትዘጋ ተነሣች። ሶርሳ አንገቱን ቀና አድርጎ ያቺኑ ነገር አላት፤ ድምፁ መጨረሻው ላይ ከፍ አለ። ያለምወርቅ «በአማርኛ» ልትል አፏን ከፍታ ዘጋችው። በሩን ይዛ ቆመች። እሱ ይጠብቃል። ሲታክተው ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። እንዲህ ፊቱን እንደሚመልስ እስከዚያ ቀን ልብ ብላ አታውቅም፤ ሁልጊዜ በሩን እየዘጋች ነበራ።

በማግስቱ ጠዋት የሸማዋን መቀነት ጠበቅ አድርጋ፣ አንድ ቅል ቅቤ ይዛ፣ ሶርሳን ለጎረቤት አደራ ብላ ዳገቱን ወጣች። የቦሼ ቤት ከጂንካ በላይ፣ እንሰቱ መሐል ነው። ከሠርጓ ወዲህ እዚያ ቤት የገባችው ለለቅሶ ብቻ ነበር። ቦሼን እንሰት ስትፍቅ አገኘቻት፤ እጇ እስከ ክንዷ ነጭ ነው።

«ሶርሳ ሞተ?» አለች ቦሼ ብድግ ብላ።

«ኧረ አልሞተም! ተቀመጪ። ቋንቋችሁን ልታስተምሪኝ ነው የመጣሁት።»

ቦሼ አየቻት። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ እንሰቱን አልፎ ጎረቤት ተሰማ። «አንተ? ሃያ ዓመት እንቢ ብለህ? አሁን ጥርስህ ሲያልቅ?»

«ጥርሴ ሙሉ ነው። ሳቂና ጨርሺ፤ እጠብቅሻለሁ።»

ቦሼ ስቃ ጨረሰች። ስትጨርስ ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ብቻ አልነበረም። «‹እቤቴ አትናገር› ብለኸኝ ነበር» አለች። «ወንድሜን አይቼው ‹ደና ነህ› ብዬ እመለስ ነበር። መንገድ ላይ አለቅሳለሁ።»

«ብዬ ነበር» አለች ያለምወርቅ። ቅሉን ከቦሼ እግር ሥር አስቀመጠች። «አሁን ግን ማታ ማታ የሚለኝን ንገሪኝ። ሌላውን ቀስ ብለን።»

«ምን ይላል?»

ያለምወርቅ አለችው። ሰባት ዓመት የሰማችውን እንደ ወፍ እየደገመች፣ መጨረሻውንም እንደሱ ከፍ አድርጋ አለችው። ቦሼ አልገባትም። ያለምወርቅ ደገመችው። ቦሼ ጆሮዋን አስጠጋች፤ ሦስተኛው ላይ እጇን ከእንሰቱ አነሣች።

«‹ላሚቱ ገባች ወይ› ነው የሚለው።»

«ላሚቱ?»

«ላሟ እንጂ። አባታችን ለሠርጋችሁ ከሰጣችሁ ላም የተወለደችው። ጥቁሯ።»

ያለምወርቅ እንሰቱ ቅርፊት ላይ ተቀመጠች። ሌላ ነገር ነበር የጠበቀችው፤ ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር፤ እርግማንም ቢሆን። ሰውየው የጠየቃት ላሚቱን ነው። ሲመሽ ላም ትገባለች፤ በር የሚዘጋ ሰው ይጠየቃል፤ የተጠየቀ ሰው ይመልሳል። ይኼው ነው። ላሚቱ ደግሞ ከአደጋው በኋላ በዚያው ዓመት ለሕክምናው ተሸጣለች። እሱ አልጋ ላይ እያለ ነው የሸጠቻት። ማን ይንገረው?

«‹ገብታለች› በለው» አለች ቦሼ። «ይረካል። እንዲህ ነው የሚባለው» ብላ አስተማረቻት። ያለምወርቅ ደጋገመችው፤ ምላሷ ተሳሰረ፤ ቦሼ እየሳቀች አረመቻት።

ያለምወርቅ ጥቂት አሰበች። «‹ሸጥኳት›ስ እንዴት ይባላል?»

«ተው እንጂ፤ ያዝናል።»

«ንገሪኝ አልኩሽ። ባሌን በቋንቋው ማነጋገር የምጀምረው በውሸት አይደለም።»

ቦሼ ነገረቻት። ያለምወርቅ ያችን ቃል በአፏ እያመላለሰች፣ እንዳትረሳት ሰው ሰላም ሲላት እንኳ አንገቷን ብቻ እየነቀነቀች ዳገቱን ወረደች።

ፀሐይ አዘቀዘቀች። በሩን ልትዘጋ ተነሣች። ሶርሳ አንገቱን ቀና አደረገ፤ ጠየቀ።

ያለምወርቅ በሩን ለቀቀችው። ከአልጋው አጠገብ ያለውን በርጩማ ሳበችና ተቀመጠች። ቃሏን አለች፤ በተሰባበረ አሪኛ፣ ምናልባት ወንዱን በሴት፣ ሴቷን በወንድ እያደረገች፤ ላሚቱን ሸጥኳት አለችው።

ዓይኑ ከበሩ ወደ እሷ መጣ፤ እሷ ላይ ቆየ። ያልሰማ መሰላትና ደገመችው። ያኔ ፊቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደንግጣ እጁን ያዘች፤ ቦሼ ልክ ነበረች፣ ምነው «ገብታለች» ባልኩት አለች በልቡናዋ። እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ። ከዚያም ተናገረ። ሰባት ዓመት ያልተናገረውን ያህል ተናገረ፤ እየተሰናከለ፣ እየቆመ፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ አንዱን ቃል አጥቶ በሌላ እየዞረ። ይቆጣት እንደሆነ፣ ይመርቃት እንደሆነ፣ የላሚቱን ታሪክ ይነግራት እንደሆነ አላወቀችም። ከዚያ ሁሉ መሐል የገባት «ላም» የሚለው ብቻ ነበር፤ እሱም የገባት ጠዋት ስለተማረችው ነው።

«አልገባኝም» አለችው በአማርኛ። «ሶርሳዬ፣ አልገባኝም።»

«ጨምር» አላት፤ ወይ ውኃ ፈልጎ ነው፣ ወይ ሌላ።

ውኃ ሰጠችው፤ አልጠጣም። አሁንም ቀጠለ። ያለምወርቅ አላቋረጠችውም፤ አላረመችውም። ብዙ ጊዜ የደጋገማቸውን ሁለት ቃላት ብቻ ለየች፤ ነገ ዳገቱን ወጥታ ልትጠይቅባቸው። እንዳይጠፉባት በከንፈሯ እየመላለሰቻቸው፣ በሩ እንደተከፈተ፣ እጁን እንደያዘች ቁጭ አለች።